የአዋቂዎቹ አግዳሚ ወንበር

ሰሎሜ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት ካርዷን ከወጣቶቹ ክፍል ወደ አዋቂዎቹ አዛወሩት። ያን ጊዜ ምንም አልመሰላት። የኤችአይቪ መድኃኒት ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስትውጥ ነው የኖረችው። እናትና አባቷ በዚሁ በሽታ ሞተው አክስቷ እናኑ ናት ያሳደገቻት፤ በሚኖሩባት ድብ ባሕር ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም። መድኃኒቱ እዚያው ጤና ጣቢያ አለ፣ ግን ካርድ የምታወጣው የጎረቤት ልጅ ናት። ስለዚህ ሰሎሜ በየሦስት ወሩ በጠዋት ማኪና ይዛ ጎንደር ሆስፒታል ትሄዳለች። ለጎረቤት የታመመች ዘመድ አለችን ይባላል። ዘመዲቱ ይኸው አሥር ዓመቷ፣ አልዳነችም፣ አልሞተችም።

የወጣቶቹ ቀን ቅዳሜ ነበር። ክብ ሠርተው ይሳሳቃሉ፤ ስንት ኪኒን ዘለልሽ ሲባል የማይዋሽበት ቦታ ነበር። የአዋቂዎቹ ማክሰኞ ነው። ኮሪደር ላይ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር፣ ሁሉም ጋቢውን ወይ ነጠላውን እስከ ዓይኑ ስቦ፣ ማንም ማንንም አያይም።

በዚህኛው ጊዜ መንገድ ተዘግቶ ሰንብቶ ቀጠሮዋ በአሥር ቀን አልፏል። መድኃኒቱ እንዳያልቅባት አንድ ቀን እየዘለለች ቆይታ የመጨረሻዋን ትናንት ዋጠች።

ወንበሩ ጫፍ ላይ ቁጭ ስትል አጠገቧ ያሉት ሰውዬ ጋቢያቸውን ገለጥ አደረጉ። አያ ዳኜ ናቸው።

ድብ ባሕር ላይ አያ ዳኜን የማያውቅ የለም። ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌ ሆነው የሚላኩት እሳቸው ናቸው። ከጥሎሹ ወሬ በፊት «የደም ምርመራ ወረቀት አምጡ» የሚሉትም እሳቸው ናቸው። በዚያ ወረቀት ስንቱ ሠርግ ቀርቷል። ለመጪው እሁድ ደግሞ ሰሎሜን ሰውነት ለሚባለው ጓደኛዋ ሊለምኑ፣ ሁለት ሰው አስከትለው እናኑ ቤት ሊመጡ ነው።

ሰሎሜ ቦርሳዋን ይዛ ብድግ አለች።

«ተቀመጭ» አሉ አያ ዳኜ፣ ግድግዳውን እያዩ። «ወረፋሽ ያልፋል።»

ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አነገተች።

«ቤት መድኃኒት አለሽ?»

«የለኝም፣ አያ።»

«እንግዲያ ምነው ትሄጃለሽ?»

ተቀመጠች። ስሟ ሲጠራ ገባች።

ውስጥ ለሲስተር ስንዱ መዝለሏን ነገረቻት። ነርሷ አልተቆጣችም። ደሟ ይታያል አለች፤ መንገድ ከተዘጋ ቅርቧ ካለው ጤና ጣቢያ ትውሰድ። ደግሞ በየቀኑ ከዋጠችና ቫይረሱ በደሟ ካልታየ ስታገባ ወደ ባሏ አይተላለፍም። ሰሎሜ ይሄን ብዙ ጊዜ ሰምታዋለች። የመድኃኒቱን ብልቃጥ ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ወጣች።

ወደ ቤት የሚሄደው ማኪና አንድ ነው። አያ ዳኜ አጠገቧ ተቀመጡ። ማኪናው በዘለለ ቁጥር ኪኒኑ ቦርሳዋ ውስጥ ኳ ኳ ይላል።

«ጥጥ ጠቅጥቂበት እንጅ» አሏት ቀስ ብለው። «ጽናጽል አስመሰልሽው።»

አምባ ጊዮርጊስን ካለፉ በኋላ፣ ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ መድኃኒቱን እንደጀመሩ ነገሯት። ሰውን ወረቀት መጠየቅ የጀመሩትም ያን ጊዜ ነው።

«እሁድ እኔንም ይጠይቁኛል፣ አያ?»

«አልጠይቅሽም። ለልጁ ግን ንገሪው። ከኔ አፍ አይወጣም፤ ካንች ይስማው።»

ሐሙስ ለሰውነት ነገረችው። ነርሷ እንዳለቻት አስረዳችው፣ እሱም ሄዶ እንዲመረመር ነገረችው። ሰውነት «እደውልልሻለሁ» ብሎ ሄደ። ዓርብ አልደወለም። ቅዳሜም አልደወለም። ሰሎሜ ለእናኑ ምንም ሳትላት ቤቱን ጠረገች፣ ጠላውን አጠለለች።

እሁድ ሦስት ሰዓት ሊሆን ሲል አያ ዳኜ ብቻቸውን መጡ።

«ሁለቱሳ?» አለች እናኑ።

«ልጁ ቆዩ ብሏል። እኔ ግን እመጣለሁ ብየ ነበር፣ መጣሁ።» ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ተቀመጡና ስለ ገብሱ ያወሩ ጀመር።

የሰሎሜ ስልክ ጮኸ። የኪኒን ሰዓቷ ነው። እንደ ልማዷ ወደ ጓዳ ልትገባ ተነሳች።

«እዚሁ ዋጭው» አሉ አያ ዳኜ። ከኮታቸው ኪስ የራሳቸውን ብልቃጥ አወጡ፤ አፉ ላይ ጥጥ አለበት።

እናኑ አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ ብልቃጡን አየች። ሁለት ብርጭቆ ውኃ ቀዳች።

ሰሎሜ ዋጠች። ስልኩን ገልብጣ አየችው። የደወለ የለም። አያ ዳኜ ስለ ገብሱ ካቆሙበት ቀጠሉ።