ሰላማዊት ያላነሳችው ገደብ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለሚስቴም፣ ለጸሎት ጓደኞቼም። እኛ ጴንጤዎች የንስሐ አባት የለንም። ስለዚህ አንባቢዬ፣ ዛሬ እርስዎ ይስሙኝ።

አዲስ አበባ፣ ሃያ ሁለት አካባቢ፣ የደንበኞችን ድረ ገጽ በሰርቨር ላይ የሚያስቀምጥ ትንሽ ድርጅት ውስጥ እሠራ ነበር። ሰርቨሩን የምናዝበት ፓነል ኤፒአይ አለው፤ ሰው ሳይነካው ፕሮግራም ራሱ ገብቶ የሚያዝበት በር ማለት ነው። በሩ ደግሞ አንድ ዓይነት ቁልፍ ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ለማየት የሰጡት ቁልፍ ማጥፋትም ይችላል። ማን እንደተጠቀመበትም አይለይም፣ ሁሉንም «አድሚን» ብሎ ይመዘግባል። ቁልፉ፣ ማለትም ረጅም የይለፍ ኮድ፣ በቢሯችን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ከተለጠፈ ቆይቷል። ሥራ የለቀቁትን እንኳ ይሉኝታ ይዞን ከግሩፑ አላስወጣናቸውም። የቀረን መከላከያ አንድ ገደብ ነበር፦ ቁልፉ ከቢሯችን የኢንተርኔት አድራሻ ውጭ እንዳይሠራ።

እሱም አሰለቸኝ። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር አድራሻችን ይቀየራል፤ ፓነሉም በእኛው በባለቤቶቹ ላይ ይዘጋል። በቀን ሦስቴ፣ አራቴ! አንድ ቀን ተናደድኩና ገደቡን አነሳሁት። «ከየትም ይግባ፣ ምን አባቱ!» አልኩ። እኔ ነኝ ያነሳሁት። ማንም አላዘዘኝም።

መጠባበቂያ ቅጂዎቹን የምትይዘው ሰላማዊት ሳነሳው አየችና ጠረጴዛዬ ድረስ መጣች። «ናቲ፣ ይሄ ነገር ያስፈራል፤ መልሰው» አለችኝ። «አታካብጂ ባክሽ» አልኳት። ከሳምንታት በኋላ አንድ ጠዋት ቢሮ ስንገባ የደንበኞቻችን ድረ ገጾች በሙሉ ጠፍተዋል፤ ቅጂዎቹም ጭምር። ማን እንዳጠፋቸው እስከዛሬ አልታወቀም።

ሥራ አስኪያጃችን አቶ ፍቅሩ ሰብስበውን ገደቡን ማን እንዳነሳው ጠየቁ። መዝገቡ «አድሚን» ይላል፤ ፓነሉ ላይ ቅጂዎቹን ስትነካካ የምትውለው ደግሞ ሰላማዊት ናት። ሁሉም ወደ እሷ ዞረ። «እኔ አይደለሁም። ናቲ ያውቃል። ንገራቸው እንጂ!» አለች፤ አምናኝ ነበር። እኔ ምን አልኩ? «እኔ የማውቀው ነገር የለም» አልኩ። ከዚያ በኋላ «እሱ ነው» ብትል ማን ያምናታል? ሚስቴ ነፍሰ ጡር ነበረች ብዬ እንዳላመካኝ፣ ሰላማዊትም እናቷን ታስተዳድር ነበር፤ ይህንን አሳምሬ አውቃለሁ።

የሥራ ልምድ ወረቀት እንኳ ሳይሰጣት ተባረረች። ዕቃዋን በፌስታል ይዛ ስትወጣ ቀና ብዬ አላየኋትም።

በዚያው እሑድ ምን እንዳደረግኩ ልንገርዎ? ጎሮ ባለችው ቤተ ክርስቲያናችን ለምስክርነት እጄን አወጣሁ። ማይክ ይዤ «ጌታ ከሥራ ቦታ ፈተና በሰላም አወጣኝ» አልኩ። ምእመናኑ እልል አሉ። ኧረ እንዴት አፌ አልተሳሰረም? ውሸቴን ይዤ መድረክ ላይ ወጣሁ፤ አጨበጨቡልኝ፣ እኔም ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሆድ ይፍጀው ብዬ ዓመታት ኖርኩ። ባለፈው እሑድ ግን ከአገልግሎት በኋላ እማማ አልማዝ የሚባሉ የቤተ ክርስቲያናችን እናት እጄን ያዙኝ። ቦሌ ለሚ ፋብሪካ የምትሠራው ልጃቸው ባላጠፋችው ጥፋት ልትባረር ነው። «አንተን ያወጣ አምላክ ልጄንም ያወጣታል» አሉኝ፤ ምስክርነቴን አልረሱም። እኔም «አሜን» አልኩ! ልጃቸውን የሚያወጣት ግን እውነቱን የሚያውቅ አንድ ሰው አፉን ቢከፍት ነው። እዚያ ፋብሪካም እንደ እኔ ዝም ያለ አለ ማለት ነው።

ፓነሉ ክፉ ነበር፤ መብራቱም ያማርር ነበር። የዋሸሁት ግን እኔ ነኝ። ነገ ጠዋት አቶ ፍቅሩ ጋ እሄዳለሁ፤ እሑድ ደግሞ እማማ አልማዝ ባሉበት ምስክርነቴን አፈርሳለሁ። የሰላማዊት ስልክ አይሠራም፤ አፈላልጋታለሁ። ባገኛትም ቶሎ ብዬ ይቅር በይኝ አልላትም። ያን ቀን ከእኔ የጠበቀችው ሁለት ቃል ብቻ ነበር፤ መጀመሪያ እሱን በሰው ፊት ልበል፦ እሷ አይደለችም።