ከሪያድ ጅዳ በአውሮፕላን

ለቅሶ ቤት ውስጥ አትላስ ዘርግቶ በማስመሪያ የለካ ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። በደርግ ጊዜ ነው፤ ቆቦ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። አባቴ ሐጅ ሄዶ፣ ሊመለስ ሁለት ቀን ሲቀረው ጅዳ ላይ ሞተ። መርዶውን ያመጡት አብረውት የሄዱት ጎረቤታችን ናቸው። እኔ አላለቀስኩም። ደንዝዤ ነበር፤ ሰው «አላህ ያጥናህ» ሲለኝ «አሚን» እላለሁ፣ በቃ።

«መቃብር ውስጥ ገብቶ የተቀበላቸው ማን ነው?» አለች እናቴ። እኛ ዘንድ ይህ የልጅ ሥራ ነው። ታናሽ ወንድሜ ከአፈሳ አምልጦ በአፋር በረሃ ከጠፋ ወዲህ የሚኖረው ሪያድ ነበር።

«ጎህ ሲቀድ፣ ሱብሒ ላይ እንዳረፉ አስደወልንለት፤ መጣሁ አለን» አሉ ጎረቤታችን። «ሙቀቱ ጸናብን። ከሰዓት በኋላ ዐስር ሰግደን ቀበርናቸው። ልጁ አልደረሰም።»

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። «አንተ የተማርከው፣ ከሪያድ ጅዳ ምን ያህል ነው?»

አላውቅም ብል ምን ነበረበት! አትላሱን አውጥቼ ለካሁ፣ አባዛሁ፣ አካፈልኩ። «ስምንት መቶ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ። በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ተኩል ቢወስድ ነው» አልኩ፤ ሰሌዳ ፊት የቆምኩ ይመስል፣ ኮራ ብዬ።

«እኔ በዚህ ጉልበቴ» አለች፣ «ሱብሒ ሰግጄ ሮቢት ገበያ ደርሼ፣ ለዐስር ቤቴ እገባለሁ።» ለቀስተኛው ወሬውን ይዞ ወጣ። በሳምንቱ ጎረቤት ከተማ ዋጃ ላይ «የአንድ ሰዓት መንገድ ለአባቱ የነፈገው» እየተባለ እንደሚወራ ሰማሁ። ግማሿ ሰዓት እንኳ መንገድ ላይ ጠፍታለች።

ከሁለት ወር በኋላ ካሴት መጣልን። ያኔ ዐረብ አገር ያለ ሰው ደብዳቤውን በካሴት ቀድቶ ነበር የሚልከው። ወንድሜ እያለቀሰ ነው የሚናገረው። የመኖሪያ ወረቀት ስለሌለው አውሮፕላን አላሳፈሩትም፤ በጭነት መኪና ተደብቆ በማግስቱ ደረሰ። «እማ፣ በአላህ ይሁንብሽ፣ አፉ በይኝ» አለ።

እናቴ እስከ መጨረሻው ሰማችው። «ወረቀት?» አለችኝ። «አንተ መቼ ወረቀት አልክ?»

«እውነቱን ነው፣ ያለ ወረቀት አያሳፍሩም፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» ማለት ነበረብኝ። ያን ሁሉ ሰው ፊት በአትላስ አስረድቼ አሁን ተሳሳትኩ ማለት ሞት መሰለኝ። «እንጃ» አልኳት። ከንቱ!

መልሱን እዚያው ካሴት ላይ ቀዳን። እናቴ ማሽላው ማፍራቱን፣ ላሟ መውለዷን ነገረችው፤ የጎረቤቱን ሰላምታ በየስሙ አደረሰች። ከዚያ ቴፑን ገፋ አደረገችው።

«በቃ፣ እማ?»

«በቃ።»

ቴፑን ወደ እኔ ሳብኩት። ካሴቱ ገና ብዙ ቦታ ነበረው። «እኔም ደህና ነኝ፤ ለእኛ አታስብ» አልኩና አጠፋሁት።

እናቴ አፉ ሳትለው ሞተች። ወንድሜ እስከ ዛሬ የሚያዝነው በእሷ ነው፤ ስለ አትላሱ አልነገርኩትም።