አሜን ያልተባለላት መኪና

መኪናዋን የገዛሁት ሰሜን አምስተርዳም ከሚገኝ፣ ፈገግታ ከፊቱ ከማይጠፋ አንድ ነጋዴ ነው። አራት ዓመት ያገለገለች፣ ብርማ ቀለም የተቀባች፣ ሰፊ የቻይና መኪና ነበረች። በዚያ ዋጋ ከጃፓንና ከአውሮፓ መኪኖች የሚገኘው በሩ እንኳን በቅጡ የማይዘጋ ቅራቅንቦ ነው። ነጋዴው «እንደዚህ ያለች በሆላንድ ብዙ አታገኝም» አለኝ፤ እኔም እንደ ሙገሳ ወሰድኩት። መለዋወጫ የላትም ማለቱ እንደነበር የገባኝ ከቆየ በኋላ ነው።

መኪና የግድ ያስፈልገኝ ነበር። የምንኖረው ዘ ሄግ ነው፤ እኔ የምሠራው ስኪፖል፣ አውሮፕላን በማጽዳት ነበር፤ ፈረቃዬ ደግሞ በሰፈራችን የመጀመሪያው ትራም ሳይነሣ ይጀምራል። እሁድ እሁድ የምናመልከው ሮተርዳም በተከራየነው አዳራሽ ውስጥ ነው። የቤተ ክርስቲያኗ ድምፅ ማጉያዎች የሚቀመጡት እኔ ቤት ስለነበር፣ ሁለት ዓመት ሙሉ በጋሪ እየጎተትኩ በባቡር አመላልሻቸዋለሁ። ተሳፋሪው ሁሉ እግሩን ሰብስቦ በዓይኑ ሲሸኘኝ የነበረውን እኔ ነኝ የማውቀው። ስለዚህ የመኪና ባለቤት ስሆን ትንሽ ልቤ ቢያብጥ አይፈረድብኝም።

በእኛ ጉባኤ ሰው መኪና ሲገዛ ይጸለይበታል። ከአምልኮው በኋላ ወደ መኪና ማቆሚያው ወጥተን፣ እጃችንን በኮፈኑና በበሮቹ ላይ ጫንን። የጸለየው ወንድም ረዘም አደረገው፤ መኪናዋን ከግጭት፣ ከሌባ፣ ከፖሊስ ቅጣትም ሳይቀር አስጠበቃት። ሁላችንም «አሜን» አልን። አንድ ሰው ብቻ ዝም አሉ። ዝም ማለታቸው ባልከፋ፤ የኋላውን በር በጣታቸው አንጓ ኳ ኳ ያደርጉ ጀመር።

እኚህ ሰው ኤርትራዊ አዛውንት ናቸው። ወጣትነታቸውን አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ የመኪና ቦዲ ሲቀጠቅጡ አሳልፈው፣ እዚህም ሮተርዳም በዚያው ሙያ እስከ ጡረታ ሠርተዋል። አማርኛቸው ከእኔ የጠራ ነው። እኛ ጋሼ እንላቸዋለን። እዚህ የተወለደችው የስድስት ዓመት ልጄ ግን «አንተ» ነው የምትላቸው፤ ባረምናት ቁጥር «ተዋት፣ ወጣት ታደርገኛለች» ይሉናል።

«እስቲ ክፈትልኝ» አሉኝ። ከፈትኩላቸው። የኋላ ወንበር ላይ ቁጭ አሉና በቀኝ በኩል ያለውን ቀበቶ ድንገት ሳቡት። ቀበቶ እንደዚያ ሲሳብ ቆልፎ መያዝ አለበት። እሱ ግን ዝም ብሎ ተከተላቸው። ደግመው ሳቡት፤ አሁንም ተከተላቸው።

«እኔ አሜን የምለው ይኼ ሲይዝ ነው» አሉ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት።

ፊቴ በርበሬ መሰለ። «ጋሼ፣ በግራ በኩል ያለው ይሠራል እኮ» አልኳቸው።

«ቀበቶው ይሥራ። በሩን ግን አንኳኳሁት፤ ውስጡ ባዶ ነው የሚመስለው። ከጎን ቢመጣባት ልጅቷን ምን ይመክትላታል?»

የዓመቱን የቴክኒክ ምርመራ ወረቀት አውጥቼ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን እንኳን አላደረጉም። «ያስመረመራት የሸጠልህ ሰው ነው» አሉኝ።

በማግስቱ ጋሼ ለባለቤቴ በስልክ ቪዲዮ ላኩላት። ርካሽ የቻይና መኪኖችን ከግድግዳ ጋር እያላተሙ ሲፈትኑ የሚያሳይ ነው። መሪው ወደ ኋላ ተገፍቶ ውስጥ የተቀመጠውን የሰው ቅርጽ አሻንጉሊት ደረት ሲመታው ይታያል። እኔ ሳቅሁ። ፈረንጆቹ ገበያቸውን ላለመነጠቅ የሚያወሩት ነው ብዬ ንግግር አደረግሁ፤ አገር ቤት ያን ሁሉ መንገድ የሠራልን ማን ሆነና አልኩ። ይህንኑ ለጋሼም ደወልኩና ነገርኳቸው።

«ቻይናዎቹማ ሲፈልጉ አሳምረው ይሠራሉ» አሉኝ። «በዚህ ዋጋ አውጡልን ሲባሉ ግን የሆነ ቦታ ላይ መቀነስ አለባቸው። የሚቀነሰው ደግሞ ዓይን የማያየው ቦታ ላይ ነው። አንተ ቀለሙን አየህ።»

ባለቤቴ ሽማግሌዎችን በየቤታቸው እየዞረች የምትንከባከብ ሴት ናት፤ ብዙ አትናገርም፤ ከተናገረች ግን አለቀ። «ልጄ እዚያ መኪና ውስጥ አትገባም» አለች። እሷ እሁድ ጠዋት ሥራ አላት። እኔ ድምፅ ማጉያዎቹን ለመትከል ማልጄ መሄድ አለብኝ። ታዲያ ልጅቷን ማን ይውሰዳት ስንባባል ጋሼ መጡና «እኔ እወስዳታለሁ» አሉ።

ከዚያ በኋላ እሁዳችን እንዲህ ሆነ። እኔ አምስት ሰው በምትይዝ መኪና ብቻዬን በአውራ ጎዳናው ወደ ሮተርዳም እነዳለሁ፤ ድምፅ ማጉያዎቹ ከኋላ ታስረው ተቀምጠዋል። ጋሼ ደግሞ ከሮተርዳም በሜትሮ ዘ ሄግ ድረስ መጥተው፣ ልጄን ይዘው በዚያው በሜትሮ ይመለሳሉ። ባለቤቴ በሩን ትከፍትላቸውና ወደ ሥራዋ ትሮጣለች። እኔ ከቤት ስለምቀድም ሲመጡ አይቻቸው አላውቅም። የማየው አዳራሹ ውስጥ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲገቡ ነው። ልጄ ፓራውልት፣ ኮፈን፣ ፓራፋንጎ እያለች የመኪና ዕቃ ስም ትነግረኛለች፤ እኔ ውስጤ ይቃጠላል።

እንዲህ ያለ እልኸኛ ነኝ። ዝም ብዬ ግን አልተቀመጥኩም፤ ቀበቶውን ላስቀይር ሁለት ጋራዥ ዘ ሄግ፣ አንድ ጋራዥ ደግሞ አምስተልቨን ሄጃለሁ። የመጨረሻው መካኒክ መኪናዎቹን ያስመጣ የነበረው ድርጅት መዘጋቱን ነገረኝና ትከሻውን ነቀነቀ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ከጋሼ ጋር ትከሻ ለትከሻ መሳሳም ትቼ ከሩቅ አንገቴን ብቻ ዝቅ አደርግ ጀመር። አንድ ቀን እንዲያውም እየሰሙኝ፣ «ጡረታ የወጣ ሰው ሥራ ሲያጣ የሰው ቤት ያስተዳድራል» አልኩ። ሰምተዋል። በሳምንቱ እሁድም እንደ ወትሮው በሰዓታቸው ልጄን ይዘው መጡ።

በጋ ሊገባ ሲል ደወሉልኝ። «ለጊዜው አልመጣም፤ ጉልበቴን በቀዶ ሕክምና ሊሠሩልኝ ነው» አሉኝ። «እግዚአብሔር ይማርዎት» አልኩ። ስልኩን ስዘጋ ግን ደስ አለኝ። መጻፉ ያሳፍራል፤ ግን ደስ ነው ያለኝ። አሁን ልጄን በመኪናዬ የምወስዳት እኔው ነኝ አልኩ።

ቅዳሜ ባለቤቴ ሥራ ሄዳለች። ለልጄ በሰፈሩ አንድ ዙር እንደማዞራት ቃል ገባሁላትና የሕፃን ወንበሯን በግራ በኩል፣ ደህናው ቀበቶ ባለበት ላስር ገባሁ። ወንበሩ አልጠብቅ አለ፤ ይወዛወዛል። ቀበቶው ከታች የት እንደታሰረ ለማየት መቀመጫውን አነሣሁት። ቀበቶውን ከወለሉ ጋር የሚይዘው ብሎን በጥቁር ሬንጅ ተለቅልቋል። ሬንጁን በጥፍሬ ፋቅ ሳደርገው ሥሩ ያለው ቆርቆሮ እንደ ብስኩት ይፈረፈራል። ብሎኑን ይዤ ሳብኩት። በኃይል አልነበረም። ብሎኑ ከነቆርቆሮው ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ፤ በቀዳዳው የመንገዱ አስፋልት ይታየኛል።

ልጄ ቦርሳዋን አንግታ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ቆማለች። «አባቢ፣ ልግባ?» አለችኝ።

«አትግቢ!» ብዬ ጮኽኩባት። ደንግጣ አለቀሰች። ወጥቼ አቀፍኳት፤ እጄ ሬንጅ ስለነበር ነጭ ሹራቧን አበላሸሁት። ማን ማንን እንደሚያባብል ሳይታወቅ እዚያው ጠርዙ ላይ ተቀምጠን ቆየን።

መኪናዋን ሊገዛኝ የሚፈልግ ሰው አልጠፋም። ያገለገሉ መኪኖችን በመርከብ ወደ ሌላ አገር የሚልክ አንዱ ደውሎ፣ «የምትነዳው እዚህ አይደለም፤ ምን ያሳስብሃል?» አለኝ። እዚያስ ሰው ልጅ የለውም ወይ አልኩና ስልኩን ዘጋሁት። መኪኖች ወደሚፈርሱበት ግቢ ወስጄ፣ እስክትጨፈለቅ ድረስ ቆሜ አየሁ። ሠራተኛው የምወዳት መኪና መስሎት ቡና ሰጠኝ።

ዋናው ነገር ግን ገና ቀረኝ። ከወንዝ ጎትቶ ያወጣህን ሰው ማመስገን ቀላል ነው፤ ውኃው ገና ከልብስህ ይንጠባጠባል። ምንም ሳይደርስብህ ያተረፈህን ሰው ምን ትለዋለህ? ያውም ሲያተርፍህ ስትሰድበው ከርመህ። ጋሼ ከሆስፒታል ወጥተው ቤታቸው በገቡ እሁድ፣ ድምፅ ማጉያዎቹን እንደ ድሮዬ በጋሪ እየጎተትኩ፣ ልጄን ይዤ በሜትሮ ሮተርዳም ሄድኩ። ከአምልኮው በኋላ ቤታቸው ገባን። እግራቸውን በርጩማ ላይ ዘርግተው ተቀምጠዋል።

ብሎኑን ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። መነጽራቸውን አድርገው አገላብጠው አዩት። ብዬህ ነበር ይላሉ ብዬ ጠበቅሁ።

«ልጅቷ ውስጥ ነበረች?» አሉኝ።

«አልነበረችም።»

ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው ተነፈሱ። ያኔ ይዤው የመጣሁት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ። «ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኩ። «ልጄን ያተረፉልኝ እርስዎ ነዎት። እኔ እልኸኛ ነኝ፤ ባለጌም ነበርኩ። አመሰግናለሁ።»

«በል እንግዲህ፣ ተወው» አሉና ሊያሳፍሩኝ ያልፈለጉ ይመስል ከጎናቸው ያለውን ፖስታ አቀበሉኝ። «ይልቅ ይኼን አንብብልኝ። ከሆስፒታል ነው፤ ሆላንድኛው ከበደኝ።»

ማንበብ ጀመርኩ። ስለ መድኃኒት ነው፣ ስለ ክራንች ነው፣ ስለሚቀጥለው ቀጠሮ ነው። መሃል ላይ አንድ መስመር አለች። «በታካሚው ጥያቄ ሁለት ጊዜ ተላልፎ የነበረው ቀዶ ሕክምና» ትላለች።

«ሁለት ጊዜ ያስተላለፉት እርስዎ ነዎት ይላል» አልኳቸው።

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«ለሁለት ወር ደረጃ አትወጣም አሉኛ። የእናንተ ቤት ደግሞ ሦስተኛ ፎቅ ነው። እልህህ እስኪበርድ ብዬ ጠበቅሁ። ኋላ ግን ሐኪሙ ከዚህ በላይ አይቻልም አለኝ።»

ያ ደረጃችን እንደ መሰላል ቀጥ ያለ ነው፤ ሊፍት የለውም፤ እኔ እንኳን ድምፅ ማጉያ ይዤ ስወርድ እራገማለሁ። ልጄ ምንጣፉ ላይ ተንበርክካ ሥዕል ትቀባለች። እሳቸው ደረጃችንን እንዴት ይወርዱ እንደነበር ጠየቅኳት።

ቀና እንኳን ሳትል፣ «በአንድ እግሩ» አለችኝ። «እኔ እይዘዋለሁ። ለአባቢ አትንገሪ ስላለኝ ነው ያልነገርኩህ።»

ጋሼ ሳቁ። «ቀጥል እንጂ፣ አንብብልኝ» አሉኝ። ወረቀቱን ወደ ዓይኔ አስጠጋሁት፤ ግን ፊደሉ አልታይ አለኝ።