መንግሥት በዕጣ ያገኘው ብርድ ልብስ

ኦፓል ትራስክ በሰባ አራት ዓመት ዕድሜዋ የሠራችው ወንጀል አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም የሠራችው በመርፌ ነው።

ከዚያ በፊት ሠላሳ አንድ ዓመት የዌልስ ክሪክን የተማሪዎች አውቶቡስ ስትነዳ አንድም ቀን ቀይ መብራት ጥሳ አታውቅም። ለነገሩ በከተማው ያለው መብራት አንድ ብቻ ስለሆነ፣ ብትጥሰው ወሬው ከእሷ ቀድሞ ቤቷ ይደርስ ነበር። እሁድ በሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ትዘምራለች፣ ሐሙስ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ብርድ ልብስ ትሰፋለች። በ1996 የካሊፎርኒያ ሕዝብ ማሪዋና ለበሽተኛ ይፈቀድ አይፈቀድ ተብሎ ድምፅ ሲሰጥ፣ ኦፓል አይፈቀድ ብላ መረጠች። ከምርጫ ጣቢያው እንደወጣችም ያገኘችውን ሁሉ እያስቆመች ምን ብላ እንደመረጠች አፏን ሞልታ ተናገረች። ሕጉ ያለ እሷ ፈቃድ ጸደቀ። እሷም አኮረፈች፤ ሕጉ ግን ማኩረፏን የሰማ አይመስልም።

ከስምንት ዓመት በኋላ ባሏ መርል የሆድ ካንሰር ያዘው። የሐኪም ቤቱ መድኃኒት ካንሰሩን ትቶ መርልን ይጨርሰው ጀመር። የሾርባ ሽታ እንኳ ያስመልሰው ነበር፤ ሱሪው ወገቡ ላይ አልቆም ብሎ ኦፓል በየሳምንቱ እያጠበበች ትሰፋለታለች። በመጨረሻ ሐኪሙ ራሱ፣ በሩን ዘግቶና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለማሪዋና የሚሆን ወረቀት ጻፈላቸው። ወረቀቱን ይዘው የት እንደሚሄዱ የነገረቻቸው ዊልማ ናት፤ ሐሙስ ሐሙስ በተሽከርካሪ ወንበሯ እየመጣች የምትሰፋ፣ እግሯ ቢከዳትም ምላሷ ያልከዳት ወዳጇ።

አብቃዩ ዋይሊ ኬስለር ይባላል። ከከተማው ወጣ ብሎ ቲማቲምና ማሪዋና ጎን ለጎን የሚያለማ፣ አምሳ ሊሞላው የተቃረበ ሰው ነው። ኦፓል ልጅ ሳለ ታውቀዋለች። አንድ ቀን ሌላ ልጅ በብርቱካን ግንባሩን ስላለው ከአውቶቡሷ አስወርዳ አንድ ማይል በእግሩ አስኬዳዋለች። ደጃፉ ላይ ስትቆም ያ ብርቱካን ትዝ ብሏት ፊቷ ቀላ። ዋይሊ ግን የሐኪሙን ወረቀት ሁለት ጊዜ አንብቦ ፋይል ውስጥ ከተተና፣ የክብሪት ሣጥን የምታክል፣ ማሪዋና የተጋገረበት ብስኩት ካርቶን ሰጣት። መርል ግማሽ ብስኩት በላ። ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ «ኦፓል፣ ድንች የለም እንዴ?» አላት።

ከዚያ በኋላ አራት ወር ኖረ። አራቱንም ወር እራቱን በላ። ኦፓል በ1996 ስለሰጠችው ድምፅ ዳግመኛ ለማንም ትንፍሽ አላለችም።

መርል በሞተ በሦስተኛው ዓመት የፌዴራሉ መንግሥት ዋይሊ የሚባል ሰው በምድር ላይ መኖሩን ደረሰበት። የግዛቱ ሕግ የፈቀደውን የፌዴራሉ ሕግ ይከለክላል፤ ሁለቱ ሕጎች ተነጋግረው እስኪስማሙ ድረስ ዜጋው መሐል ላይ ቆሞ እንዲጠብቅ ተትቷል። ጥይት የማይበሳው ልብስ የለበሱ አሥራ አራት የመንግሥት ጎበዞች ሌሊቱ ሲነጋ መጡ። ዋይሊ የሎሚ ጭማቂ አቀረበላቸው፤ ቲማቲሙን እንዳይረግጡበት ብሎም ማሪዋናው ያለበትን ራሱ እየመራ አሳያቸው። ጭማቂውን ጠጡ፣ ቲማቲሙንም ረገጡ። ከተፈረደበት ዳኛው እንኳ ሊቀንሰው የማይችል አምስት ዓመት እስር ይጠብቀዋል።

ፓዲላ የምትባል ጠበቃ ከአራት ሰዓት መንገድ መጥታ ነገሩን አስረዳቻቸው። በፌዴራል ፍርድ ቤት «በሽተኛ»፣ «ሐኪም»፣ «መድኃኒት» የሚባሉ ቃላት አይነሱም፤ ዳኛው ከልክለዋል። ጥፋተኛ መሆን አለመሆኑን የሚወስኑት አሥራ ሁለቱ የጁሪ አባላት የሚሰሙት አንድ ሰው ዕፅ አብቅሎ ለሰው ማከፋፈሉን ብቻ ነው።

«ታዲያ እኔ ምስክር ሆኜ ብቀርብ መርል ምን ሆኖ ነበር ልበል?» አለች ኦፓል።

«ምንም አይሉም፣ ወይዘሮ ትራስክ።»

«በሕግ ፊት ባሌ ጤነኛ ሆኖ ነው የሞተው ማለት ነዋ» አለች።

ፓዲላ የራሷን ድካም በግማሽ ዋጋ ብትተምንም ሌላው የክርክር ወጪ መገኘት ነበረበት። በዌልስ ክሪክ የማንም ጎተራ ሲቃጠል ወይም የማንም ሕፃን ሲታመም የሚደረገው የታወቀ ነው፤ በእሳት አደጋ ጣቢያው አዳራሽ ፓስታ ተቀቅሎ እራት ይሸጣል፣ ሴቶቹም ብርድ ልብስ ሰፍተው በዕጣ ያወጡታል። በእያንዳንዱ ቁራጭ ጨርቅ ላይ የአንድ ሰው ስም ይጠለፋል። ኦፓል ይህን ወግ አሻሻለችው፤ ሰው እያሻሻለ አይደል ጉድ የሚያፈላው። የዋይሊ ሠላሳ ስድስት በሽተኞች እያንዳንዳቸው ስማቸውን፣ በሽታቸውን፣ ከእሱ መውሰድ የጀመሩበትን ዓመት በራሳቸው እጅ ይጥለፉ አለች። የሞቱትን ቤተሰባቸው ይጥለፍላቸው። መሐል ላይ የተቀመጠችውን ቁራጭ እሷ ሠራች፤ «መርል ትራስክ፣ የሆድ ካንሰር፣ 2004»።

ሐሳቡ ሁሉንም አስለቀሰ። ለጠበቃዋ እንንገራት ያለ ግን አንድም ሰው አልነበረም። ጠበቃ ስለ ስፌት ምን ታውቃለች?

ስፌቱ ሲያልቅ ኦፓል እንደ ወጉ ጀርባውን ገልብጣ፣ በታችኛው ጥግ ላይ የእጅ መዳፍ የምታክል ነጭ ጨርቅ ሰፋች። ማን እንደሠራው፣ ለማንና ለምን እንደተሠራ የሚጻፍበት ነው፤ ያለዚያ ጽሑፍ ከቤቷ የወጣ ብርድ ልብስ የለም። «ለዋይሊ ኬስለር» ብላ ጠለፈች፤ «ሐኪም ካዘዘልን ሠላሳ ስድስት በሽተኞች። በእሱ እጅ በላን፣ ተኛንም።»

በእራቱ ቀን አዳራሹ ጢም አለ። ከመጡት መሐል ከዊልማ በቀር ማንም ልብ ያላለው አንድ ረጅም ሰው ነበር። ጫማው የዌልስ ክሪክን ጭቃ አያውቅም። ሁለት ሳህን ፓስታ በልቶ አምስት ትኬት ቆረጠ። ኦፓል በመርል ባርኔጣ ውስጥ እጇን ሰድዳ ዕጣውን ስታወጣ የእሱ ቁጥር ወጣ።

ዊልማ ወንበሯን አስጠግታ ክንዷን ያዘቻት። «ይሄን ሰውዬ ማንም አያውቀውም። ቁጥሩ አልታየኝም በይና ሌላ አውጪ።»

«ዕጣ እኮ ነው፣ ዊልማ።»

«ዓይንሽ ደክሟል። ማን ይታዘብሻል?»

«እኔ» አለች ኦፓል። ብርድ ልብሱን አጣጥፋ ለሰውዬው አስታቀፈችው። በቀዝቃዛ ውኃ እንጂ በሙቅ እንዳያጥበው መከረችው፤ ለመንገዱም አንድ ቁራጭ የኮክ ኬክ ጠቅልላ ጨመረችለት። ሰውዬው አመስግኖ ሄደ። ምስጋናው ከልብ ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ፓዲላ ስልክ ደወለች። ድምፅዋ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ የሚያስፈራውም እሱ ነው።

«ወይዘሮ ትራስክ፣ ዐቃቤ ሕጉ አዲስ ኤግዚቢት ልኮልኛል፤ ቁጥር አሥራ አራት። የሠላሳ ስድስት ሰዎች ስም ከነዓመተ ምሕረቱ። እኔ ስድስት ወር ሙሉ ፍርድ ቤት እንዳይደርስ ስታገልለት የኖርኩት ዝርዝር ነው። እርስዎ በእጅዎ ጠልፈው ለመንግሥት ወኪል ሰጡት?»

«ዕጣ ደርሶት ነው» አለች ኦፓል።

«ኬክም ጨምረውለታል አሉ።»

«የኮክ» አለች፤ ስልኩም ከእጇ ወደቀ።

ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም። መርልን አራት ወር ያበላውን ሰው በገዛ መርፌዋ ወህኒ ልታወርደው ነው። ዕድሜ ልኳን ደንብ ስታከብር ኖራ፣ ያከበረችው ደንብ ሁሉ ተሰብስቦ ዋይሊ ላይ ተቆለለ። በሦስተኛው ቀን ወደ እሱ ሄደች። ዋይሊ የተረገጠውን የቲማቲም መደብ እየቆፈረ ነበር። ይቅርታ ለማለት አፏን ከፍታ ማልቀስ ብቻ ሆነላት።

ዋይሊ ዶማውን ጥሎ ጭቃማ እጁን ትከሻዋ ላይ አደረገ። «ወይዘሮ ትራስክ፣ ከአውቶቡስ ያስወረዱኝን ጨምሮ መከራ ሲያሳዩኝ ይሄ ሁለተኛዎ ነው» አለ። «ያኔ ጥፋቱ የኔ ነበር። አሁን አንድ አንድ ሆነናል።» እያለቀሰች ሳቀች። እሱም ዶማውን አንስቶ ወደ መደቡ ተመለሰ።

ችሎቱ ሲጀመር ብርድ ልብሱ በጁሪው ትይዩ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ጠበቃት። ዐቃቤ ሕጉ ሃስከል የሚባል፣ ቁልፍ እንኳ ሰፍቶ የማያውቅ ጎልማሳ፣ የዳኛውን ክልከላ በማክበር በሽታ በተጠለፈበት ሁሉ ላይ ሰማያዊ ፕላስተር ለጥፎበታል። ስምና ዓመት ብቻ ቀርቷል። መርል ከነስሙ ተሰቅሎ ካንሰሩ ተሸፍኗል። በሕይወት ሳለ እንዲህ በቀላሉ የሚሸፈን ቢሆን ኖሮ ኦፓል ፕላስተሩን ራሷ በገዛችለት።

እውነቱን፣ እውነቱን ሁሉ፣ ከእውነት በቀር ሌላ እንዳትናገር አስማሏት። ከዚያ ከእውነቱ ሁሉ የትኛውን እንዳትናገር ነገሯት።

«ይህን እርስዎ ነዎት የሰፉት?» አለ ሃስከል።

«አዎ።»

«ለመንግሥት ወኪል ሲሰጡት እንደነበረው ነው?»

«አይደለም። እኔ ፕላስተር አልሰፋሁበትም።»

ከጁሪው መሐል አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ዳኛው የተጠየቀችውን ብቻ እንድትመልስ አስጠነቀቋት። ሃስከል ጉሮሮውን ጠረገ። «ከፕላስተሩ በቀር ሥራው የእርስዎ መሆኑን ያረጋግጣሉ?»

ኦፓል ግድግዳውን አየች። ጀርባው ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ «ሐኪም ካዘዘልን» ብላ የጠለፈችባት ነጭ ጨርቅ ከታች ጥጓ ላይ እንዳለች ናት። ማንም አልሸፈናትም፤ ብርድ ልብስ ጀርባ እንዳለው ከነጭራሹ ያሰበ የለማ። ስለ ጀርባው የጠየቃትም የለም።

«ሥራው የኔ ነው» አለች በቀስታ። «አሰቃቀሉ ግን የኔ አይደለም። የብርድ ልብስ ሙያ የሚታየው በጀርባው ነው፤ እናንተ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥታችሁታል። ማንም ሰፊ ቢያየው ይታዘበኛል።»

ዳኛው ፈገግ ብለው፣ ችሎቱ የወይዘሮዋን ሙያ እንደማይጠራጠር ተናገሩ። በጁሪው ሁለተኛ ረድፍ የተቀመጠች ግራጫ ሹራብ የለበሰች ሴት ግን አልሳቀችም። ቀና ብላ ኦፓልን አየቻት። የሴትዮዋ የመሐል ጣት ጫፍ መርፌ እየገፋ እንደጠጠረ ኦፓል ከተቀመጠችበት ለየችው።

አሥራ ሁለቱ ለመመካከር ሲገቡ ኤግዚቢቶቹም አብረዋቸው ገቡ። ረፋዱ ላይ ወረቀት ላኩ፤ ዳኛው ለሁሉም አነበቡት። «ከፕላስተሩ ሥር ምን ተጽፏል?» ይላል። ዳኛው ጉዳዩ እንደማይመለከታቸው፣ ፕላስተሩም እንዳይነካ ጽፈው መለሱ። ከምሳ በኋላ ሁለተኛ ወረቀት መጣ። «ፕላስተሩን አልነካንም። ስለ ቀድሞው ጥያቄያችን መልስ አያስፈልገንም።»

ሃስከል ወረቀቱን ተቀብሎ እሱም አነበበው። ከዚያ ግድግዳው ላይ ባዶ የቀረውን ቦታ፣ የብርድ ልብሱ ጀርባ ተለጥፎበት የነበረውን፣ ዞሮ ተመለከተ።

በማግስቱ ውሳኔው ተነበበ። አምስት ዓመት በሚያስቀጡት ሁለት ከባድ ክሶች፣ በማብቀሉና በማከፋፈሉ ላይ፣ ጥፋተኛ አይደለም። ማሪዋና ቤቱ ውስጥ ይዞ በመገኘቱ ላይ፣ ጥፋተኛ ነው፤ ይህንንም ለጎበዞቹ የሎሚ ጭማቂ እየቀዳ በገዛ አፉ ነግሯቸው ስለነበር የሚያድነው አልተገኘም። ዳኛው በሦስት ዓመት ገደብ ለቀቁት። ዋይሊ ጭንቅላቱን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ አለቀሰ። ኦፓል ግን ደርቃ ቀረች፤ ዊልማ ጎኗን ጎስማ፣ «ተንፍሺ እንጂ፣ አሮጊት» እስክትላት ድረስ መተንፈስ እንዳለባት ረስታ ነበር።

ኦፓል ብርድ ልብሱ ይመለስልኝ ብላ አመለከተች። ትኬቱ በመንግሥት ገንዘብ ስለተቆረጠ ብርድ ልብሱ የመንግሥት ንብረት ነው አሏት። መርል ፕላስተሩን እንደለበሰ መጋዘን ገባ። በዚህስ ልቧ ደማ፤ ቢሆንም ደንቡን አልተከራከረችም፤ ዕጣ ዕጣ ነው።

አንድ ሥራ ብቻ ቀርቷት ነበር። በዌልስ ክሪክ ለእርዳታ የሰጠ ሰው የምስጋና ካርድ ይላክለታል፤ አንድ እንኳ የተዘለለ እንደሆነ ነውር ነው። ኦፓል የትኬት ጉርዶቹን ይዛ ተቀምጣ ለሁሉም በየስማቸው ጻፈች። የመጨረሻውን ካርድ፣ ጽጌረዳ ያለበትን፣ ለአሜሪካ መንግሥት ላከች።

«የተከበራችሁ፣ ለዋይሊ ኬስለር ጠበቃ መቅጠሪያ አምስት ትኬት ስለገዛችሁ ከልብ እናመሰግናለን። ብርድ ልብሱን በሙቅ ውኃ አትጠቡት። ባሌ መርል በሆድ ካንሰር ነው የሞተው። ከመሞቱ በፊት አራት ወር ሙሉ እራቱን በላ። ይህን በፍርድ ቤት የጠየቀኝ ስላልነበረ እዚህ ጻፍኩላችሁ። ኦፓል ትራስክ።»