የሚተነፍስ ባልዲ ይዞ መተማ መውረድ

ሐሙስ፣ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት፤ ጎንደር መናኸሪያ

ገና አልነጋም። መናኸሪያው በር ላይ ቆሜ ሃያ ሊትር የሚይዝ ነጭ ባልዲ አቅፌያለሁ። ባልዲው ውስጥ ቢራ አለ። ያለቀለት ቢራ ቢሆን ማንም ምንም አይለኝም ነበር፤ ይኼ ግን ገና እየፈላ ነው። ክዳኑ ላይ ውሃ የያዘች አጭር የፕላስቲክ ቱቦ ሰክቻለሁ፤ በእሷ በኩል ጋዙ ይወጣል፣ አየር ግን አይገባም። በየጥቂት ሰከንዱ «ቡልቅ» ትላለች።

«ምንድን ነው የሚተነፍሰው?» አለኝ የአውቶቡሱ ረዳት።

«ቢራ።»

«በባልዲ?»

«በባልዲ።»

ጣራ ላይ እንዲጭነው አልፈቀድኩም፤ ጣራው ፀሐይ ነው። እግር ስር አላስቀምጥም አልኩ፤ ይናጣል። ረዳቱ ትንሽ አሰበና «ወንበር ከያዘ እንደ ሰው ይከፍላል» አለኝ። ለባልዲ ቲኬት ቆርጬ ተሳፈርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታላቅ ወንድሜ ደረጀ መተማ ዮሐንስ ሰሊጥ ያርሳል። ጎንደር በሾፌርነት ሲሠራ ሳለ ቅዳሜ ቅዳሜ ፒያሳ አንድ ሆቴል ቁጭ ብለን ከውጭ የሚመጣ፣ ፔል ኤል የሚባል የአሜሪካኖች ቢራ እንጠጣ ነበር። መልኩ ወደ መዳብ ያደላል፣ ሲቀርቡት የብርቱካን ልጣጭ ይሸታል፣ ሲውጡት ምላስ ላይ ምሬት ትቶ ይሄዳል። እኔ ነፍሴ እስኪወጣ እወደው ነበር። ደረጀ ደግሞ ሁልጊዜ ግማሹን ጠጥቶ የቀረውን ወደ እኔ ብርጭቆ ይገለብጥልኛል። እንዲህ ያለ ለጋስ ወንድም ማን አለው እያልኩ እኮራ ነበር። በኋላ ዶላር ጠፋ ተባለና ቢራው ቀረ፤ እሱም ወደ ቆላ ወረደ። መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት፣ ሳንተያይ ሁለት ዓመት ሆነን። በስልክም «ደህና ነህ?» «ደህና» ነው፤ ከዚያ ይዘጋል። ባለፈው ወር ግን ከመዝጋቱ በፊት አንድ ነገር ተናገረ፤ «ያ ቢራ አማረኝ» አለኝ።

ደረጀ አማረኝ የሚል ሰው አይደለም። ወባ ጥሎት እንኳ ውሃ አምጡልኝ አይልም።

ስለዚህ ጠመቅሁ። የኬሚስትሪ መምህር ነኝ፤ ከገበያ የገብስ ብቅል ገዝቼ በመኝታ ቤቴ ስጠምቅ ጎረቤቶቼ «ጠማቂው» የሚል ስም አውጥተውልኛል። ከዚህ በፊት አራት ጊዜ ሞክሬ አራቱም ተበላሽቷል። በአምስተኛው ጣዕሙ ገጠመልኝ። ሆፕስ የሚባለውን፣ እነሱ በጌሾ ፋንታ የሚጨምሩትን አበባ፣ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ከውጭ ሲመለስ አምጥቶልኝ ነበር፤ የመጨረሻዋን እሽግ እዚህ ባልዲ ውስጥ ጨረስኳት። ይኼ ከተበላሸ ሌላ የለም። ፈልቶ እስኪያበቃ አልጠብቅም ወይ? አልጠብቅም። ደረጀ በሚቀጥለው ሳምንት ኔትወርክ ወደሌለበት እርሻው ለምንጣሮ ይገባል፤ መንገዱም ዛሬ ክፍት ነው፣ ነገን ማን ያውቃል። እርሾው ሃያ ዲግሪ ግድም እንደሚወድ አውቃለሁ። መተማ በሚያዝያ አርባን እንደሚያልፍም አውቃለሁ። እያወቅሁ ነው የተሳፈርኩት።

ሐሙስ፣ ረፋድ፤ ከአይከል ወዲያ፣ ኬላ ላይ

አይከልን አለፍ እንዳልን ውረዱ ተባልን። ወንዶች በአንድ ወገን፣ ሴቶች በሌላ ወገን። ፈታሹ ወጣት ነው፤ ባልዲውን አንድ ጊዜ ዞረው። ባልዲው «ቡልቅ» አለ። ፈታሹ አንድ እርምጃ ወደኋላ አለ።

«የማን ነው ይኼ?»

«የኔ ነው። ቢራ ነው፣ እየፈላ ነው።»

«ክፈተው።»

«ወንድሜ፣ ከተከፈተ አየር ገብቶ ይበላሻል።»

«ካልተከፈተ አያልፍም።»

ስለ እርሾ አስረዳሁ። ስለ ጋዝ አስረዳሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የማስተምርበትን ድምፅ አወጣሁ። እሱ አለቃውን ጠራ። ለአለቃውም ከእርሾው ጀመርኩ። ተሳፋሪው ሁሉ ፀሐይ ላይ ተሰልፎ በዓይኑ ይበላኛል። በመጨረሻ ከኋላዬ አንድ ነጠላ የለበሱ አዛውንት ትዕግሥታቸው አለቀ።

«አንተ ልጅ፣ ጠላ ነው በልና እንሂድበት!»

«ጠላ ነው» አልኩ፣ ጥርሴን ነክሼ።

«ታዲያ እንዲህ አትልም?» አለ አለቃው። አፍንጫውን ወደ ቱቦዋ አስጠግቶ አሸተተና ፊቱን አጨማደደ። «ሎሚ ገብቶበታል። ማን ነው የጠመቀልህ?»

«እኔው ራሴ።»

በሐዘኔታ አየኝ። «ሂድ በቃ፣ ሂድ» አለኝ።

ሐሙስ፣ ቀትር፤ ሸሕዲ

ቁልቁለቱ ሲያልቅ ሙቀቱ ፊት ለፊት ይመጣል። ባልዲው ጎን ላይ የለጠፍኩት ቴርሞሜትር ጎንደር ላይ ሃያ አንድ ይል ነበር፤ እዚህ ሃያ ዘጠኝ ብሏል። ለምንጣሮ የሚቀጠሩ የቀን ሠራተኞች መጥረቢያቸውን ታቅፈው በመንገዱ ዳር ጥላ ጥላውን ይዘዋል። አንዱ በጎጃምኛ ቅላፄ፣ ሌላው በወሎኛ፣ ሁሉም ስለ ሙቀቱ ያወራል።

ሾፌሩ ለምሳ አርባ ደቂቃ ሰጠን። አርባው ደቂቃ አንድ ሰዓት ተኩል ሆነ። እኔ ባልዲውን በእርጥብ ፎጣ ጠቅልዬ፣ ፎጣው ሲደርቅ እንደገና እያራስኩ፣ ምሳ ሳልበላ ግድግዳ ጥግ ተቀመጥኩ። ቱቦዋ እረፍት አጣች፤ ቡልቅ፣ ቡልቅ፣ ቡልቅ። እርሾ በሙቀት ሲጣደፍ ቢራው የቀለም ማቅጠኛ ጠረን ያመጣል። ረዳቱ ጥርሱን እየጎረጎረ መጣና አጎንብሶ አየው።

«ታመመብህ እንዴ?»

ከማዶ አንድ ሱቅ በር ላይ በጆንያና በሰጋቱራ የተሸፈነ በረዶ አየሁ። ልገዛ ብድግ ስል ሾፌሩ ክላክስ ነፋ። አርባ ደቂቃው ያለቀው ለካ አሁን ነው።

ሐሙስ፣ ዘጠኝ ሰዓት፤ መተማ ዮሐንስ

ከባድ መኪናዎች ጉምሩክ ተራ ይዘው መንገዱን ሞልተውታል፤ ባጃጆች በመሃላቸው ይሽሎከለካሉ። ማዶ የሱዳኑ ጋላባት ይታያል። ደረጀ መናኸሪያው አጥር ስር ቆሞ ይጠብቀኛል። ከስቷል። ሸሚዙ ትከሻው ላይ ሰፍቶታል።

«መጣህ» አለኝ። ትከሻ ለትከሻ ስንሳሳም ከወትሮው ረዘም አድርጎ ያዘኝ።

«አያ፣ ቢራህን አመጣሁልህ።»

«አይ ጥሩ» አለና ሻንጣዬን አነሳ። ባልዲውን ዞር ብሎም አላየው። ያን ያህል መንገድ ታቅፌ አምጥቼው! ሃያውን ሊትር እኔው ተሸከምኩ።

የሚኖረው እትዬ ዘውዴ የሚባሉ ጠላ ሻጭ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ነው። እትዬ በሙሽርነታቸው ከደንቢያ ወርደው እዚሁ ያረጁ ሴት ናቸው። መብራት ከጠፋ አራተኛ ቀኑ ነው፤ ፍሪጅ የሚባል ነገር ቁም ሳጥን ሆኗል። ራኩባ በሚሉት የሣር ዳስ ስር ዚር ተቀምጣለች፤ እንደ ሱዳኖቹ ውሃ የሚያቀዘቅዙባት፣ ላቧ ጠብ ጠብ የሚል የሸክላ እንስራ። ባልዲዬን አጠገቧ አስቀምጬ በእርጥብ የሰሊጥ ጆንያ ጠቀለልኩት። ሠላሳ ሁለት ዲግሪ።

እትዬ ዘውዴ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው አዩኝ። «ይኸን የጠመቅኸው አንተ ነህ? አግብተህ የለ እንዴ?»

«አላገባሁም እትዬ።»

«እህ» አሉ፤ ሁሉም ነገር የተገለጠላቸው ይመስላል።

አርብ፤ በበረዶ ምክንያት ሸሕዲ ደርሶ መልስ

ጠዋት ሠላሳ ሦስት። ባልዲው በዚህ ከቀጠለ ነገ ቢራ የለም። «አያ፣ ሸሕዲ ሄጄ በረዶ አመጣለሁ። ማንም እንዳይነካው!» አልኩት። «እሺ» አለ። እሺ ብሏል፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

በረዶውን በጆንያ አስጠቅልዬ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ሚኒባሱ ካልሞላ አይንቀሳቀስም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ሳይሞላ ቆየ። ጆንያዬ በመኪናው ወለል ላይ ሲንጠባጠብ ተሳፋሪው ጫማውን እያወለቀ እግሩን ያሳርፍበታል። አንዲት እናት ለልጇ ቁራሽ በረዶ ለመነችኝ፤ ሰጠኋት፤ ከዚያ ሁሉም ልጅ ያለው ሆነ። ኮኪት ላይ ደግሞ ፍተሻ። መተማ ስገባ በእርጥብ ጆንያ ውስጥ ጡብ የምታክል በረዶ ቀርታኛለች።

ግቢው ስደርስ ባልዲዬ ታጥቦ አጥሩ ላይ ተደፍቷል። ቱቦዋ ከልብስ ማስጫው ገመድ ላይ ተንጠልጥላለች።

«እትዬ! ቢራው የት አለ?»

«አይዞህ ልጄ፣ አትርፌልሃለሁ» አሉኝ፣ ላባቸውን እየጠረጉ። «ከፍቼ ብቀምሰው ገና ጥንስስ ነው፤ እንኩሮ የሚባል አላየም። ድፍድፍ ሳታደርገው ውሃ ሞላህበት እኮ! ሰው ያላስተማረው ልጅ ምን ያድርግ። እንኩሮ አንኩሬ፣ ጌሾ ጨምሬ፣ ጋኑን በወይራ አጥኜ እዚያ ገለበጥኩልህ። ባልዲህንም ላጥነው ነበር፣ ፕላስቲክ ሆነብኝ።»

እንኩሮ! የተቆላ የማሽላ ዱቄት፣ ለጠላ የሚገባው፣ በመጨረሻው ሆፕሴ ላይ! በወይራ ጭስ በታጠነ ጋን! ወደ ደረጀ ዞርኩ። በገመድ በተጠለፈች አልጋው፣ አንገረቡ ላይ ጋደም ብሏል።

«አያ፣ እያየህ ዝም አልክ?»

«እትዬን ማን ይከለክላል?»

ቴርሞሜትሬን ይዤ ጋኑ ውስጥ ነከርኩት። እርጥብ አሸዋ ላይ ነው ያስቀመጡት፤ ሃያ ስድስት ይላል። እኔ ቀኔን ሙሉ በረዶ ሳሳድድ ያላገኘሁትን! በረዶዬን ዚሯ ውስጥ ጣልኳትና ገብቼ ተኛሁ።

እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፤ እትዬ ዘውዴ ግቢ

ደርሷል ተባለ። ከጋኑ ሲቀዳ መልኩ የጎርፍ ውሃ ነው። ጭስ ይሸታል፣ ጌሾ ይሸታል፣ ከሁሉም ኋላ፣ በጣም ሩቅ፣ ትንሽ የብርቱካን ልጣጭ። ያቺ ብርቱካን ናት ያናደደችኝ። ጭራሽ ባትኖር ይሻል ነበር።

ደረጀ አንድ ጣሳ አነሳና አንዴ ተጎነጨ። ከዚያ እንደገና። እኔ በልማድ የራሴን ጣሳ ወደሱ አስጠግቻለሁ፤ ግማሹን የሚገለብጥልኝ እዚህ ላይ ነው። አልገለበጠም። እስከ አተላው ጠጥቶ ጣሳውን ለእትዬ ዘረጋ።

«ዛሬ አትገለብጥልኝም?»

«ምን ብዬ? ይኸማ ጥሩ ነው።»

«ያኛውስ?»

ወደ እትዬ አየ፣ ወደ መሬት አየ። «አንዷለም፣ እውነት ልንገርህ? ያ ቢራ እኮ ሬት ነው። ግማሹን እንኳ የምጨርሰው በመከራ ነበር።»

«በየቅዳሜው ስትጠጣ?»

«አንተ ትወደው የለ? ሌላ ቦታ እንሂድ ብልህ ቅር ይልሃል።»

ደሜ ፈላ። ለባልዲ ወንበር የከፈልኩት፣ ኬላው፣ ፎጣው፣ በረዶው፣ የመጨረሻዋ እሽግ፣ ሁሉም አንድ ላይ መጡብኝ። «ታዲያ ካልወደድከው ለምንድን ነው አማረኝ ያልከኝ?» ብዬ ጮኽኩበት። እትዬ ዘውዴ ቀስ ብለው ተነስተው ወደ ጓዳ ገቡ።

ደረጀ ቀና ብሎ አየኝ። «ምን ልበል ታዲያ?» አለኝ። «ና ብዬህ አልነበር? ሁለት ጊዜ። መንገዱ አልከኝ።»

እውነቱን ነው። መንገዱ የተዘጋበት ጊዜ ነበር። ያልተዘጋበትም ጊዜ ነበር። ሲከፈት ፈተና አለብኝ፣ እርማት አለብኝ፣ ደግሞም ሙቀቱ አልኩ። ለአንድ ባልዲ ቢራ ግን መንገድ ተገኘ። አፈርኩ፤ ከማፈሬ የተነሳ ያን የጎርፍ ውሃ በአንድ ትንፋሽ ጨለጥኩት። እስካሁን ካየሁት መጠጥ ሁሉ መጥፎው ነው። ሁለተኛም ቀዱልኝ፤ ጠጣሁ።

ሰኞ፤ የመልስ ጉዞ

ባልዲውን ጥዬው ወጣሁ፤ ላየውም አልፈለግሁ። ደረጀ ሰሊጥ በፌስታል አስታቅፎኝ አውቶቡሱ እስኪነሳ መስኮቱ ስር ቆመ።

ኬላው ላይ ያ አለቃ አወቀኝ። «ጠላህስ?»

«ተጠጣ።»

«ተጠጣ?» አለ፣ ከልቡ ተገርሞ።

ጎንደር ስገባ መሽቷል፤ ብርዱ ደስ ይላል። ጫማዬን ሳላወልቅ ደወልኩ።

«ገባሁ።»

«ደህና።»

እዚህ ላይ ነው ሁልጊዜ የሚዘጋው። ናፍቀኸኝ ነበር ልለው አፌን ከፈትኩ። እኔም የዚያው ቤት ልጅ ነኝ፤ ቃሉ አልወጣም።

«ያ የእትዬ ዘውዴ ጠላ አማረኝ» አልኩት።

ትንፋሹ ይሰማኛል።

«ጠላው?»

«ጠላው።»

«ባልዲህ እዚህ አይደል?» አለ። «እርሻ ከመግባቴ በፊት አራት ቀን አለኝ። ሞልቼ ይዤልህ እመጣለሁ።»

ጠላ ያን ሁሉ መንገድ በሙቀት ተንጦ ጎንደር ሲደርስ ኮምጣጤ እንደሚሆን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። አልነገርኩትም።