በአየለች ቤት የበላሁት ኩርኩፋ

ባለፈው ወር አርባ ምንጭ፣ ሸቻ ሰፈር ካሉት አዳራሾች በአንዱ ነባር መምህራንን ሰብስበው ስልጠና ሰጡን። ርዕሱ «የአመለካከት ለውጥ» ይላል። በዚህ አገር ስንት ጊዜ አመለካከቴን እንድለውጥ እንደተጠራሁ ብነግራችሁ ትስቃላችሁ። እንሰበሰባለን፣ ሻይ እንጠጣለን፣ ተለውጠናል ተብሎ ወደየቤታችን እንሄዳለን። አሰልጣኙ ገና ጢሙ በቅጡ ያልበቀለ፣ አማርኛው የአዲስ አበባ የሆነ ትሑት ልጅ ነው። መጠይቅ አደለን። ሦስተኛው ላይ «ሸክላ ሠሪዎችን እንደ ማንኛውም ሰው አያለሁ» ይላል፤ ከጎኑ «በጣም እስማማለሁ» ከሚለው ጀምሮ «በፍጹም አልስማማም» እስከሚለው ድረስ አምስት ሳጥን ተደርድሯል። ጎኔ የተቀመጡት መምህራን ቀና እንኳ ሳይሉ የመጀመሪያው ሳጥን ላይ ምልክት አድርገው አለፉ። የኔ እስክሪብቶ ግን እዚያው ቀረ።

«እማማ፣ መነጽር ላምጣልዎት?» አለኝ ልጁ።

«ተወኝ ልጄ፣ ይታየኛል» አልኩት። እማማ ማለቱን ይቅር ብዬዋለሁ። በመስኮቱ ጫሞ ሐይቅ ከታች ተንጣሎ ይታያል፤ እኔ ግን ሸክላ ሠሪዋ አየለች እጇ ጭቃ እንደሆነ ስታየኝ ነበር የታየኝ። ደረቴ ውስጥ ያ የጥንቱ ፍርሃት ተነሳ።

ጊዜው በሰማንያዎቹ አጋማሽ ነው፤ መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። እኔ ሃያ ዓመቴ ነበር። የመምህራን ማሠልጠኛ እንደጨረስኩ ከካምባ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ወደምትርቅ የገጠር ትምህርት ቤት መደቡኝ። ከአርባ ምንጭ ካምባ ድረስ በጭነት መኪና፣ በጨው ጆንያ ላይ ተቀምጠን ነው የምንሄደው። ከዚያ በኋላ ያለው እግር ብቻ ነው፤ በዝናብ ጊዜ ደግሞ ቀዩ ጭቃ ጫማ ይነጥቃል። አንዱን ጫማዬን ነጥቆኝ፣ በአንድ እግር ጫማ ነው ሥራ የጀመርኩት ብላችሁ ማን ያምናል!

ጋሞ ነኝ። የተወለድኩት ከአርባ ምንጭ በላይ ባለው ደጋ ነው። በልጅነቴ እናቴ ሸክላ ሠሪዎችን ናቂያቸው ብላኝ አታውቅም፤ ቃሉ ከአፏ ሲወጣ አልሰማሁም። ሸክላ ሠሪዋ ስትመጣ እናቴ ድስቱን ደጅ ላይ ትቀበላለች። ውሃ ከጠየቀች እቃው እንዳይነካት ከፍ አድርጋ በመዳፏ ላይ ታፈስላታለች። ድስቱ ግን ገብቶ ምድጃችን ላይ ይጣዳል፣ ወጣችን ይሠራበታል። ድስቱ ገብቶ ሠሪዋ ለምን ደጅ እንደምትቀር ጠይቄ አላውቅም። አንድ ቀን ብቻ ከሸክላ ሠሪዋ ልጅ እሸት ተቀብዬ ስበላ እናቴ ደረሰችብኝ። ጣቷን አፌ ውስጥ ከትታ አስተፋችኝ። መትታኝ ቢሆን እረሳው ነበር። ጣቷ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። እናቴን ያን ያህል ፈርታ አይቻት አላውቅም ነበርና እኔም ፈራሁ፤ ምን እንደፈራን ግን ያኔ አልገባኝም።

በኋላ ስሙን አወቅሁት፤ ጎሜ ይባላል። ወግ ሲጣስ የሚሠራው ጥፋት ጎሜ ነው፤ ጥፋቱን ተከትሎ የሚመጣው መዓትም ያው ጎሜ ነው። ዝናብ ይቀራል፣ ከብት ያልቃል፣ ሰው ሰውነቱ አብጦ ይሞታል። ከሸክላ ሠሪ ጋር አብሮ መብላት ደግሞ በኛ ሰፈር ከጎሜ ሁሉ የከፋው ነበር።

በተመደብኩበት ትምህርት ቤት ስድስተኛ ክፍል ውስጥ መሠረት የምትባል የሸክላ ሠሪ ልጅ ነበረች። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ናት፤ ሂሳብ ላይ እኔን ራሴን ታርመኝ ነበር። ሌሎቹ ልጆች ግንድ ላይ ተጠጋግተው ሲቀመጡ እሷ ከኋላ አንድ ድንጋይ ላይ ብቻዋን ትቀመጣለች። ማንም ሂጂ አላላትም፤ ማንም ነይም አላላትም። እኔም ማሠልጠኛ ውስጥ የተማርኩት ገና ትኩስ ነውና አንድ ጠዋት ባንዲራ ሲሰቀል ወጥቼ አፌን ሞልቼ ተናገርኩ። ሰው ሁሉ እኩል ነው፣ ሸክላ ሠሪ መናቅ ኋላ ቀርነት ነው አልኩ። ርዕሰ መምህሩ አጨበጨበልኝ። ልጆቹም አጨበጨቡ፣ ከዚያ ገብተው ግንዳቸው ላይ ተቀመጡ። መሠረትም ድንጋይዋ ላይ።

ከዚያ ሳምንት በኋላ መሠረት ቀረች። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ አምስት ቀን። ፈተናው ሁለት ወር ብቻ ነው የቀረው፤ ካለፈች ካምባ ሄዳ ሰባተኛ ክፍል ትገባለች፤ ካልተፈተነች ግን በዚያው ቀረች ማለት ነው። ስለዚህ እናቷ ዘንድ ሄድኩ።

ቤታቸው ከመንደሩ ተለይቶ ሸለቆው አፋፍ ላይ ነው። በዳሱ ጥላ ሥር ገና እሳት ያልነካቸው ድስቶች ተደርድረው ይደርቃሉ፤ እርጥብ አፈርና ጭስ ይሸታል። እናቷ አየለች ጭቃ ታቦካለች። ረጅም፣ ነገር የማታበዛ ሴት ናት። የምንነጋገረው በጋሞኛ ነበር።

«ልጅዎ ጎበዝ ናት፣ እናቴ። ከትምህርት አያስቀሯት» አልኳት።

«ድንጋይ ላይ ለመቀመጥ ትምህርት ቤት ምን ያደርግላታል? ድንጋይ እዚህም አለ።»

«ሰው ሁሉ እኩል እኮ ነው፤ ጊዜው ተለውጧል።»

«ባንዲራው ሥር ሲሉ መሠረት ሰምታ ነግራኛለች።» ተነሳችና እጇን ታጠበች። ጣት በጣት አድርጋ ነው የታጠበችው። «እንግዲህ እኩል ከሆንን ይግቡና አብረውኝ ይብሉ። ከበሉ ነገ ትመጣለች። ካልበሉ ግን ቲቸር፣ ሁለተኛ እዚህ አይምጡብን።»

መሠረት በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። እንዳልሄድ ያቺ ልጅ ቆማ እያየችኝ ነው፤ እንዳልገባ ጎሜውን ፈርቻለሁ። እንዴት እንደገባሁ አላውቅም፣ ብቻ ገባሁ። አየለች ኩርኩፋ አቀረበች፤ የበቆሎ ዱቄት እየተድቦለቦለ ከጎመን ጋር የሚቀቀለው ነው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ስበላው ያደግኩት ምግብ። ሽታው የእናቴ ቤት ሽታ ነው። አንዱን ድቡልቡል አነሳሁ። የእናቴ ጣት አፌ ውስጥ ያለ ያህል ተሰማኝ። አላመጥኩትም፤ ዋጥኩት። ጉሮሮዬ ላይ ቆመ፣ እንባዬ መጣ፣ ከዚያ ወረደ። አየለች አይታኝ ሁለተኛ አቀረበችልኝ። እሱንም በላሁ። በአራተኛው ላይ ፈገግ አለች። ያቺን ሴት ፈገግ ስትል ያየኋት ያኔ ብቻ ነው።

በማግሥቱ መሠረት መጣች። ወሬው ቀድሞኝ ነበር፤ ቲቸር ከአየለች ቤት በላች ተብሎ። ሁለት ሴት ልጆች ምንም ሳይባሉ ጠጋ ብለው ግንዱ ላይ ቦታ ለቀቁላት። ንግግሬ ያላደረገውን አራት ድቡልቡል አደረገው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር አይደል? እኔ ግን በየጠዋቱ ከእንቅልፌ ስነሳ መጀመሪያ የማየው እግሬን ነው፤ አብጦ እንደሆነ። በጣቴ እጫነዋለሁ። ቀን ቀን እኩልነት አስተምራለሁ፣ ንጋት ላይ ሞቴን እጠብቃለሁ።

ሚያዝያ ላይ ለፋሲካ ወደ አገሬ ሄድኩ። በመንገዴ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ በሚባለው የታችኛው ሰፈር፣ አንዲት ጓደኛዬ ዘንድ ሁለት ቀን አረፍኩ። ትንኙ ጉድ ነበር። ደጋ እናቴ ቤት በገባሁ በአሥረኛው ቀን ብርዱ ጀመረኝ። ጥርሴ እየተንገጫገጨ ሦስት ጋቢ ደረቡልኝ፤ ወዲያው ደግሞ ላብ አጠመቀኝ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ከዚያ ጥቂት ሳምንት በፊት ጥቁር ሰሌዳ ላይ የወባ ትንኝ ከነክንፏ ስዬ ያስተማርኩ ሰው ነኝ! ስንት ቀን ቆይታ እንደምታሳምም ጭምር በቃሌ አውቃለሁ። ብርዱ ሲይዘኝ ግን ትንኟ ትዝ አላለችኝም። ጎሜው መጣ፣ በቃ መጣብኝ ነው ያልኩት።

እናቴ ግንባሬን ዳስሳ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። «ልጄ፣ የሠራሽው ነገር አለ?»

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

«የት በላሽ?»

ነገርኳት። ፊቷ አመድ ሆነ። አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ሻሿን አስተካክላ ወጣችና ሽማግሌዎች ጠራች። ወንድሜ ደግሞ በዚያው ጠዋት ክሎሮኪን የሚባለውን የወባ ክኒን ፍለጋ ወደ አርባ ምንጭ ወረደ። ሁለቱም አንድ ቀን ተደረጉልኝ።

ሽማግሌዎቹ ደጃችን ባለው ሣር ላይ ተቀመጡ። ፀሐይ ነበር። በሁለት ሰው ተደግፌ ወጣሁ። ጥፋቱ በይፋ፣ በራስ አንደበት ካልተነገረ አይፈታም። አንዱ ሽማግሌ «ተናገሪ ልጄ፣ እንዳትሞቺብን» አሉኝ፤ ድምፃቸው ውስጥ ክፋት አልነበረም፤ ያዝኑልኝ ነበር። ፈራሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሃያ ዓመቴ ነበር፣ መሞት አልፈለግሁም።

«ከሸክላ ሠሪ ቤት ገብቼ በልቻለሁ። ጥፋቴ ነው። ማሩኝ» አልኩ።

መረቁኝ። ማታውኑ ወንድሜ ክኒኑን ይዞ ደረሰ። በአራተኛው ቀን ተነሳሁ። እናቴ ኑዛዜው ነው ያዳነሽ አለች፤ እኔ ክኒኑ ነው ብዬ ልመልስላት አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት።

ከሽማግሌዎቹ ጋር አጎቴም ተቀምጦ ነበር። አጎቴ ሸማኔ ነው፤ ጋቢ እየያዘ እስከ ካምባ ገበያ ይሄዳል። ክፉ ሰው አይደለም። የእህቱ ልጅ ከሞት እንዴት እንደተረፈች ነው ለገበያተኛው በደስታ ያወራው። ሰው ደግሞ ከካምባ ገበያ ባዶ እጁን ቢመለስ እንኳ ያለ ወሬ አይመለስም።

እኔ ስመለስ መሠረት አልነበረችም። ሁለቱ ልጆች ቦታዋን ሞልተው ተቀምጠዋል። ከሰዓት በኋላ በጭቃው ወደ ሸለቆው ወረድኩ። አየለች ከሩቅ ስታየኝ ከዳሱ ወጥታ እጇን ወደፊት ዘረጋች፤ ቁሚ የሚሉት ዓይነት።

«አይምጡ፣ ቲቸር! እዚያው ይቁሙ!»

«ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት።»

«ሰምቻለሁ። ይሂዱ፤ እባክዎ ይሂዱ።»

መሠረት አልወጣችም። ተቀይማኛለች፣ መብቷ ነው ብዬ ተመለስኩ። አንድ ነገር ልጨምር፤ ነውር ቢሆንም እውነት ነው። ስመለስ ከሐዘኔ ሥር እፎይታ ነበር። ዳግመኛ ከዚያ ቤት እንድበላ የሚጠይቀኝ አልነበረም። መሠረት ሳትፈተን ዓመቱ አለቀ፤ እኔም ዝውውር ጠይቄ ሄድኩ።

ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ አንድ ቅዳሜ አርባ ምንጭ ገበያ ውስጥ ድስት ሳገላብጥ ሻጯ ቀና ብላ «ቲቸር!» አለች። መሠረት ናት። ሁለት ልጆች ወልዳለች። እዚያው ድስቶቹ መሃል ቆሜ የሆድ የሆዴን ነገርኳት። «ያኔ ፈሪ ነበርኩ፤ በደልኳችሁ። እናትሽ እንደተቀየመችኝ አውቃለሁ» አልኳት።

«ተቀይማ?» አለችኝ ግራ ገብቷት። «ኧረ ቲቸር፣ እናቴ አልተቀየመችም። ፈራች እንጂ። እርስዎ ታመው ለሞት ደረሱ ሲባል ‹እኔ ነኝ ያሳመምኳቸው፣ በእጄ ነው› አለች። ያን ቀን አይምጡ ያለችዎት ደግመው እንዳይታመሙ ነው። ከዚያ በኋላ ለማንም እንግዳ ምግብ አቅርባ አታውቅም። እኔ ከወለድኩ በኋላ እንኳ ልጆቼን በእጇ አታጎርስም ነበር። እንደፈራች ሞተች።»

የምይዘው ጠፋኝና እጇን ያዝኩት።

ሰው ልቡን ለውጦ እጁን ያስከትላል ይሉናል በየስልጠናው። የኔ እጅ ቀድሞ ሄዶ ነበር፤ ልቤም በስንት ጊዜው ይከተለው ነበር ይሆናል፤ አንድ ብርድ ሲይዘኝ እኔ ራሴ መለስኩት። የመለስኩት ግን ብቻውን አልተመለሰም። እናቴ በጣቷ እኔ ውስጥ የከተተችውን ፍርሃት እኔ በአንደበቴ አየለች ቤት አስገባሁት። እሷ እኮ ይህ ፍርሃት አልነበረባትም፤ ይብሉ ያለችኝ እሷ ነበረች።

አሁን በወር አንዴ መሠረት ቤት እሄዳለሁ። ያቀረበችልኝን እበላለሁ። የመጀመሪያውን ጉርሻ ስውጥ ጉሮሮዬ ዛሬም ለአፍታ ይያዛል፤ ሃምሳ ዓመት አልፎኝ፣ ይህን ሁሉ አውቄ። ታግሼ አሳልፈዋለሁ፤ እሷም ያየችኝ አይመስለኝም ነበር። ግን እሷ ቤት በበላሁ ማግሥት፣ ገና ሳይነጋ፣ ስልኬ ይጮኻል።

«ቲቸር፣ ደህና አደሩ?» ትለኛለች። ከዚያ መልሴን ትጠብቃለች።

«ደህና ነኝ፣ መሠረት። ደህና ነኝ» እላታለሁ፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ።