የአያ ደምሴ ሙቀጫ

ልጅ ሳለሁ፣ ከአዘዞ በታች መገጭ ወንዝ ዳር ስንኖር፣ ተረት የምንሰማው በሙቀጫ ሲወቀጥ ብቻ ነበር። ወቃጩም ተራቹም የአባቴ ታላቅ ወንድም አያ ደምሴ ነው። ክረምት ሊገባ ሲል፣ ማታ ማታ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጦ የብርብራ ፍሬ ይወቅጣል፤ ዱቄቱ ወንዝ ላይ ሲበተን ዓሣው ሰክሮ ስለሚንሳፈፍ በእጅ ይለቀማል። ወንድ ዘነዘና ይዞ የማያፍረው ለብርብራ ብቻ ነበር። ያኔ እኛ ልጆች ስለ ዓሣው ግድም አልነበረን፤ ፍሙ እየከሰመ፣ ኩራዙ እየጤሰ፣ በዘነዘናው ምት የሚወርደውን ተረት እየጠበቅን ከእንቅልፍ ጋር እንታገል ነበር።

አንድ ሰኔ፣ ትምህርት ሊዘጋ ሲል፣ መምህራችን ነጭ ዓሣ ይዛ ክፍል ገባችና ሆዱን ሰንጥቃ አሳየችን። እንቁላል ሞልቶታል። ከእኛ አገር ሌላ የትም የማይገኙ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች እንዳሉ፣ በክረምት ከጣና ወጥተው በመገጭ ሽቅብ የሚመጡት ለመራባት እንደሆነ፣ ብርብራ ደግሞ ትልቅ ትንሽ ሳይል እንደሚፈጃቸው ነገረችን።

ማታ ተረቱ ጅቡ ችሎት ፊት ከቆመበት ሲደርስ አላስችል አለኝና የተማርኩትን ለአያ ደምሴ ዘረገፍኩለት።

«አያ፣ አራስ ቤት መርዝ ተይዞ ይገባል?» አልኩት።

ዘነዘናው ቆመ። ተረቱም ቆመ። በማግስቱም፣ ከዚያም በኋላ ብንለምነው «እጄ ቦዝኖ አፌ አይፈታም» ይለናል። ልጆቹ ሁሉ አኮረፉኝ። ብርብራው ያለበት ስልቻ ግን አልተጣለም፤ ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ነው፤ አያ ደምሴም ቀና እያለ ያየዋል። እኔ ዓሣውንም ተረቱንም ፈልጌ ነበር፤ አንዱን ላጣ ነው ብዬ አለቀስኩ።

አንድ ማታ የእናቴን የደረቀ ሚጥሚጣ አምጥቼ ሙቀጫው ውስጥ ጨመርኩለት። አያ ደምሴ ሙቀጫውን አየ፣ በሩን አየ። ሚጥሚጣ የሚወቅጥ ወንድ በመንደራችን መሣቂያ ነው። ከዚያ ዘነዘናውን አነሳ።

እናቴ ብቅ ብላ «ኧረ አያ ደምሴ! ሰው ቢያይስ?» አለች።

«ይየኛ! ይቺ ልጅሽ ናት ያመጣችብኝ» አለ እያስነጠሰው። ከዚያ እንባው በጢሙ ላይ እየወረደ ወደ እኛ ዞረ። «ጅቡ ችሎት ፊት ቆሞ ነበር፣ አይደል?»

ያን ማታ የተሰማኝን ደስታ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ስልቻውም ያን ክረምት ሳይፈታ ቀረ።

ዛሬ ጎንደር ውስጥ መምህር ነኝ። ሰኔ ሲመጣ እኔም ለተማሪዎቼ ስለ ነጭ ዓሣ አስተምራለሁ፤ «አባቴ ብርብራ ይወቅጣል፤ ምን ልበለው?» የምትለኝ ልጅ አትጠፋም። ዘነዘናውን አትንጠቂው እላታለሁ፤ የሚወቀጥ ሌላ ነገር ስጪውና አጠገቡ ቁጭ በይ።